የኃይል ቁጠባ ከማን ጓዳ ይጀመር?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በይፋ ከተመረቀ ወዲህ በየሥራ ቦታውና በየነዋሪው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሣ ይሰማል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ሠርተን ካበቃን በኋላ ስለ ኃይል ቁጠባ የሚነገረን ለምንድን ነው? የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ግድቡን ሰፊው ሕዝብ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም ጀምሮ ከደመወዙ ቆርጦ፣ ከመቀነቱ ፈትቶ በገዛው ቦንድ ያሠራው በመሆኑ፣ የደከመበትን እንዲጠቀምበት እንጂ እንዲሳሳለት ሊነገረው አይገባም የሚል ትክክለኛ ስሜት በውስጡ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ የዓለም ሙቀት እየጨመረ ስለሆነ ድኻው አገር ባለበት ይቆይ የሚል፣ አፍ አውጥቶ ባይነገርም በብድርና በርዳታ ድርድር ላይ በተግባር የሚታይ አመለካከት አለ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የመጀመሪያው ኃይልን ከአገልግሎቱ ለይቶ ስለሚያይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ማን ምን ያህል እንደሚፈጅ ሆን ብሎ ስለሚሸፍን ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ መመልከት ይገባል። ማንም ሰው ኪሎዋት አይበላም፤ ሜጋዋትም አይለብስም። ሰው የሚፈልገው የበሰለ ምግብ፣ ማታ የሚያነብበት ብርሃን፣ ንጹሕ ውኃ፣ ክትባት የማይበላሽበት ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ከቤቱ ወደ ሥራው የሚያደርሰው አውቶቡስ ነው። ኃይል ለእነዚህ ሁሉ መሣሪያ ነው። የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን የቀረውን በሙቀት መልክ ይበትነዋል። 60 ዋት ይወስድ የነበረው አምፖል ይሰጥ የነበረውን ብርሃን ዛሬ 9 ዋት የሚወስድ ኤል ኢ ዲ አምፖል ይሰጣል። ክፍሉ አልጨለመም፤ ተማሪውም ደብተሩን አልዘጋም፤ ሆኖም 51 ዋት ለሌላ ቤት ተርፏል። ቁጠባ ስንል ይህንን ማለታችን እንጂ ሕዝቡ በጊዜ ይተኛ ማለታችን አይደለም።

አስተሳሰቡም የዛሬ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የብራዚሉ ጆዜ ጎልደምበርግ፣ የስዊድኑ ቶማስ ዮሐንሰን፣ የሕንዱ አሙልያ ሬዲና የአሜሪካው ሮበርት ዊልያምስ በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ሕዝቦች በነፍስ ወከፍ በአማካይ 1 ኪሎዋት ኃይል ቢያገኙና ዘመኑ ባፈራቸው የተሻሉ መሣሪያዎች ቢጠቀሙበት፣ ምዕራብ አውሮፓ በ1970ዎቹ አጋማሽ በነበረበት የኑሮ ደረጃ ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከዚህም ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ 1 ኪሎዋት እነዚሁ አገሮች በዚያን ጊዜ ማገዶውን ጨምሮ ይፈጁት ከነበረው መጠን እምብዛም የማይበልጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአንድ ሰው ተገቢ መኖሪያ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርት፣ መገናኛና መጓጓዣ ለማሟላት በዓመት በአማካይ 15 ጊጋጁል ገደማ፣ ማለትም 4,200 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ከሁሉም ዓይነት የኃይል ምንጭ ቢያገኝ እንደሚበቃ አስልቷል። በዚሁ ስሌት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2050 የምድር ሕዝብ በሙሉ በዚህ ደረጃ ቢኖር የዓለም የኃይል ፍጆታ ከአሁኑ ከ60 በመቶ በላይ ዝቅ ይላል። የጥናቱ ሰዎች ይህ የሚሆነው እጅግ የተሻለው መሣሪያ በየቦታው ሲዳረስና የኑሮው ልዩነት ሲጠብ ብቻ መሆኑን አልሸሸጉም፤ ቀላል ነገርም አልጠየቁም።

አሁን ወደ ራሳችን ተጨባጭ ሁኔታ እንመለስ። የኢትዮጵያ ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ በሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ከዚህ ልክ እጅግ የራቀ ሆኖ አይገኝም። ይህ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው የኤሌክትሪክ መብራት ያላየ ሆኖ ሳለ እንዴት ይህ ሊሆን ይችላል? መልሱ ያለው ሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ከምንፈጀው ኃይል 90 በመቶ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። በክፍት ምድጃ ላይ ከሚነደው አሥር ችቦ እንጨት የምጣዱ ወይም የድስቱ ድርሻ የአንዱ ያህል ነው፤ የዘጠኙ ሙቀት ለአየርና ለግድግዳ፣ ጭሱ ደግሞ ለእናትና ለሕፃን ሳንባ ነው። ከሰሉም ቢሆን በባሕላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ለማውጣት ስድስትና ከዚያ በላይ ኪሎ እንጨት ይበላል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። እንግዲህ ሰፊው ሕዝብ ኃይል ሳይፈጅ ቀርቶ አልተቸገረም። ብዙ እያነደደ ጥቂት የሚያገኝ በመሆኑ ተቸግሯል። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው፤ የአገራችንም የኃይል ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የዚህን ብክነት ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ መመልከት ይበቃል። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶች የአዲስ አበባ የኃይል ሠራተኞች ናቸው፤ በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ ግን የሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። የሴቶች ነፃ መውጣት በየመድረኩ ሲነገር ኖሯል፤ የማገዶው ጉዳይ ግን የጓዳ ነገር ነው ተብሎ ከዕቅድ ሰነዶች መጨረሻ ገጽ ላይ ሲንገላታ ኖሯል። በ1980ዎቹ ዓ.ም የተስፋፉት ላቀች የከሰል ምድጃና ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ሊያድኑ እንደሚችሉ ታይቷል። የሚሠሯቸውም በየከተማው ያሉ አነስተኛ አምራቾች ናቸው። ለአንድ ግድብ የሚሰጠው ክብር መቶኛው እንኳ ለዚህ ምድጃ ቢሰጥ ኖሮ ስንት ደን፣ ስንት ጀርባ በተረፈ ነበር!

በሌላው ጫፍ ያለው ሁኔታ ፍጹም የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የ86 አገሮች ጥናት እንዳሳየው ከሰዎች መካከል በሀብት የመጀመሪያዎቹ 10 በመቶ የሆኑት ከመጨረሻዎቹ 10 በመቶ ሃያ ጊዜ ያህል የሚበልጥ ኃይል ይፈጃሉ። በተሽከርካሪ ነዳጅ ረገድ ልዩነቱ 187 ጊዜ ይደርሳል። ስለሆነም “የሰው ልጅ ፍጆታውን ይቀንስ” የሚለው ጥሪ የሚመለከተው የሰው ልጅ የትኛው እንደሆነ ካልተነገረ፣ ጭቁኑ የሌላውን ዕዳ እንዲከፍል የሚጋብዝ ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በፍላጎት በኩል በሚወሰዱ እርምጃዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2050 ከተጠቃሚው ዘርፍ የሚወጣውን በካይ ጋዝ ከ40 እስከ 70 በመቶ መቀነስ እንደሚቻል ገልጿል። የእርምጃው ክብደት በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን ሳይንሱ ሳይሆን ፖለቲካው ነው።

ልዩነቱ ከባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ተፈጥሮ ራሷ ቀዝቃዛ አየር የለገሰቻት ከተማ ናት። ሆኖም በሞቃትና በበረሃማ አገሮች ፋሽን እየተመሩ ግድግዳቸው ሁሉ መስታወት የሆነ ሕንፃዎች ይሠሩባታል፤ ፀሐይ ገብታ ታፍናቸዋለች፤ ከዚያም ማቀዝቀዣ ይገጠምላቸዋል። መስኮት መክፈት የሚፈታውን ችግር በኤሌክትሪክ መፍታት ዘመናዊነት መባሉን አጥብቀን እንጠይቃለን። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ደግሞ የዲጂታል ገንዘብ ማውጫ ማዕከላት ነገር ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም እነዚህ ማዕከላት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት ሲወስዱ ቆይተዋል። ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስገቡ መሆናቸውን አንክድም፤ ለኃይል ማመንጫው ዕዳ ክፍያም ጠቅመዋል። ነገር ግን ኮረንቲውን ወስደው የሚሠሩት ነገር እንጀራ አይሆንም፣ ጨርቅ አይሆንም፣ ለብዙ ሠራተኛም የሥራ ቦታ አይከፍትም። ሰብስቴሽኑ አጠገብ ያለው አዳራሽ ሌት ከቀን እየሠራ በዚያው መስመር ሥር ያለው መንደር በኩራዝ የሚያመሽ ከሆነ፣ ችግሩ የኃይል እጥረት ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል።

ፍላጎትን ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ ዋጋን ማስወደድ ነው የሚሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የራሳችን ታሪክ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የዘውዱ መንግሥት ጭማሪውን በአንድ ጊዜ በቤንዚን ተጠቃሚው ላይ ጫነው፤ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን አደሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የኃይል ዋጋ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዋጋ ሲወደድ ባለ ሀብቱ ይከፍላል እንጂ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ድኻው ነው። እርሱም የሚያጠፋው ትርፉን ሳይሆን የሚያስፈልገውን ነው።

ይህን በመገንዘብ የኤሌክትሪክ ታሪፉ በእርከን እንዲሠራ መደረጉ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው። በ2011 ዓ.ም በተደረገው ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ከጭማሪው ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር የአራት ዓመት ታሪፍ ተግባራዊ መሆን ጀምሯል። ጥቂት ለሚጠቀም በጥቂት፣ ብዙ ለሚጠቀም በብዙ የሚለው አሠራር ፍትሐዊ ነው። ሆኖም አሠራሩ የሚቆጥረው ሰውን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው። በቀበሌ ቤቶችና በየግቢው ባሉ የኪራይ ክፍሎች ውስጥ ሦስትና አራት አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ ሥር መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ማንኛቸውም ከመጀመሪያው እርከን አያልፉም ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 160 ይሆናሉ፤ ከፍተኛ ተጠቃሚ ተብለውም ይከፍላሉ። በአንጻሩ ለብቻው ቆጣሪ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ የሚውል ቪላ የድጎማው ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ድኻውን ለመጠበቅ የወጣው እርከን ድኻውን መልሶ ሲቀጣ ማየት የመርሑን ስሕተት አያመለክትም፤ አፈጻጸሙ ግን ከቢሮ ወጥቶ ግቢውን እንዳላየ ይመሰክራል።

ይህንኑ የሚያባብሰው ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋግር በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ለእንጀራ ብቻ ያወጣል ማለት ነው፤ መብራትና ራዲዮ ሳይጨመር የመጀመሪያውን እርከን አልፏል። ምጣዱን መኮነን ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከጭስ ያወጣው እርሱ ነውና። ይልቅስ ምጣዱ ራሱ ለምን እንዲህ በላተኛ ሆነ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሸክላው ወፍራም በመሆኑ ለመጋል ጊዜ ይወስዳል። ከሽቦው በታች ያለው ክፍል በደንብ ባለመሸፈኑ ሙቀቱ ወደ ታችና ወደ ጎን ይሾልካል። ሙቀቱን መጥኖ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ የኛው ብረታ ብረት ሠራተኞችና ሸክላ ሠሪዎች በአገር ውስጥ ሊያሻሽሉት የሚችሉት ነው፤ ደረጃ አውጥቶ የሚቆጣጠር አካልና ለተሻለው ምጣድ የብድር አገልግሎት ያስፈልገዋል እንጂ የውጭ ሊቅ አያስፈልገውም።

ከዚህም ሌላ የአጠቃቀም ጉዳይ አለ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢወስድ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ኃይል አንድም እንጀራ ሳይወጣ ይሄዳል። ሦስት ጎረቤቶች በሦስት ቀን በሦስት ምጣድ ከሚጋግሩ ይልቅ በአንድ ቀን በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ሁለቱ ማጋያ ይድናል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ለጋራ አገልግሎት ተብለው የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ በብዙ ቦታ ዕቃ ማከማቻ ሆነዋል ወይም ተከራይተዋል። ሰዓቱም ቢሆን ይታሰብበት። የበዓል ዋዜማ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ የሚመጣው ጨለማም ሊጡን አሹቆ ያሳድራል። 5,150 ሜጋዋት ጉባ ላይ መኖሩ ለዚያ ትራንስፎርመር ምንም አይጠቅመውም። በመስመር ላይ የሚባክነውም ኃይል፣ ለረጅም ዓመታት ሲነገር የቆየው ግምት እንደሚያመለክተው፣ ከሚመነጨው ከአምስት አንዱን የሚጠጋ ነው። ሕዝቡን ቆጥብ ከማለት አስቀድሞ መስመሩ ይቆጥብ።

በዚህ ረገድ የኩባ ልምድ ሁለት ጊዜ የሚነበብ ነው። ኩባ እ.ኤ.አ. በ2004 ማታንዛስ ያለው ትልቁ የአንቶኒዮ ጊቴራስ ማመንጫ ተበላሽቶ በጨለማ ከተቸገረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 2006ን “የኃይል አብዮት” ዓመት አለችው። ወጣት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ከ9 ሚሊዮን በላይ ባለ ክር አምፖሎችን በወራት ውስጥ በቆጣቢ አምፖል ቀየሩ። ከ2 ሚሊዮን ያላነሱ አሮጌ ማቀዝቀዣዎች ተተኩ፤ የኤሌክትሪክ ማብሰያም በብድር ታደለ። ሥራው የተሠራው ዋጋ በማስወደድ አልነበረም፤ በተደራጀ ሕዝብ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ንባብ ነው። ሁለተኛው ግን ደስ አያሰኝም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2024 ያው የጊቴራስ ማመንጫ ሥራ አቆመ፤ የደሴቲቱም መረብ በሙሉ ወደቀ። የአሜሪካ ማዕቀብ፣ የቬንዙዌላ ነዳጅ መቀነስና የምንዛሪ እጦት ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ፤ ለዓመታት ጥገና የተነፈጉት ያረጁ ማመንጫዎችም እንዲሁ። በቁጠባ የተገኘው ፋታ ማመንጫዎቹን ለማደስ ስላልዋለ፣ ቀድሞ በኬሮሲን ያበስል የነበረው ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ማብሰያው ፊት እሳት አጥቶ ቆመ። ኩባን የምንወድ ሰዎች ይህን ክፍል መዝለል የለብንም።

በመጓጓዣም ያለው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መደረጉ በነዳጅ የሚወጣውን ምንዛሪ ለመቀነስ የተወሰደ ደፋር እርምጃ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲሄድ መንገዱንም፣ ባትሪውንም፣ ብረቱንም ለብቻው መያዙ አልቀረም፤ ሠራተኛው ደግሞ አውቶሞቢሉን የሚገዛበት አቅም የለውም። መስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት እስከ 2015 ዓ.ም ቆመው መገኘታቸው ከማንኛውም የቁጠባ ንግግር ይልቅ ይናገራል። ለአውቶሞቢል ከሚሰጠው የቀረጥ ቅናሽ ቀድሞ ለባቡሩ መለዋወጫ ምንዛሪ መመደብ ነበረበት።

የአካባቢ ነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት በዚህ ውስጥ ያላቸው ድርሻ መመሪያ መጠበቅ ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ሠራተኛ የትኛው ሞተር ባዶውን እንደሚዞር፣ የትኛው ቦይለር እንደሚያፈስ ከማንም አጥኚ በፊት ያውቃል፤ የሚጠይቀው ግን የለም። የነዋሪው ማኅበር ደግሞ በታሪፍ አውጪው እጅ የሌለ አንድ መረጃ አለው። ይኸውም በየግቢው በአንድ ቆጣሪ ሥር ስንት አባወራ፣ ስንት ምጣድ እንዳለ ነው። ይህ ተቆጥሮ በጽሑፍ ቢቀርብ፣ የመጀመሪያው እርከን በቆጣሪ ሳይሆን በአባወራ ቁጥር ተባዝቶ እንዲሰላ መጠየቅ ይቻላል፤ 160 ኪሎዋት ሰዓት ለአራት ሲካፈል 40 መሆኑን ለማስረዳት የረቀቀ ሒሳብ አያስፈልግም። መዝገቡም ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በቀር ሌላ የሚጀመርበት ቦታ የለውም።